«ኔትወርክ የለም» ከማለታችን በፊት
(በተመራቂዎች መገናኛ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር፤ ለዓመት መጽሐፉ እንዲስማማ በጥቂቱ ተስተካክሏል)



አዘጋጆቹ «ከሥራሽ አንድ ነገር አካፍይን» ሲሉኝ ስለ ስኳር ሕመም ወይም ስለ ደም ግፊት አወራለሁ ብላችሁ ጠብቃችሁ ይሆናል። እሱን ከእኔ አሳምረው የሚናገሩ መምህራን እዚሁ ተቀምጠዋል። እኔ ዛሬ ስለ ኮምፒውተር ነው የማወራችሁ። አትሳቁ እንግዲህ። በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ባለው የደቡብ ጎንደር ደጋ ስሠራ፣ በእነዚህ በቅርብ ዓመታት «መድኃኒት የለም» ከሚለው እኩል ጆሮዬን ያሰለቸኝ ቃል «ኔትወርክ የለም» የሚለው ነው።

አንድ ታካሚ «ትኩሳት አለኝ» ብሎ ሲመጣ ወዲያው ወባ ነው ብለን አንደመድምም። መቼ ጀመረህ፣ ይተውሃል ወይስ አይተውህም፣ ቆላ ወርደህ ነበር ወይ እያልን እንጠይቃለን። ፎገራ ወርዶ ሩዝ ሲያጭድ የከረመ ሰው ትኩሳትና ከጉና ሥር ንቅንቅ ያላለ ሰው ትኩሳት በእኛ ዘንድ አንድ አይደሉም። «ኔትወርክ የለም»ም እንዲሁ ነው፤ ምልክት ነው እንጂ በሽታ አይደለም። የሚያሳዝነው፣ ይህ ቃል ሲነገር ጥያቄው እዚያው ያበቃል። «ከላይ ነው» እንላለን፤ ቁጭ ብለን እንጠብቃለን። ብዙ ጊዜ ግን የተቋረጠው ከላይ አይደለም፤ እዚያው ክፍላችን ውስጥ፣ አንዳንዴም አንድ ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ነው።

ለምን ሐኪምን ይመለከታል? የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. በነበረው የጤናው ዘርፍ ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ውስጥ «የመረጃ አብዮት»ን ከዋና አጀንዳዎቹ አንዱ አድርጎት እንደነበር ታስታውሳላችሁ። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ዲኤችአይኤስ 2 የሚባለው የሪፖርት ሲስተም በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ ጀመረ። ይህ ሲስተም ሥሩ ከአፓርታይድ ማብቂያ በኋላ በደቡብ አፍሪካ የተጀመረ ሥራ ነው፤ ዛሬ የሚመራው ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ በእኛው የዘመን አቆጣጠርም ይሠራል። ሰርቨሩ ብዙውን ጊዜ የሚተከለው ሊኑክስ ላይ ነው። ሊኑክስ እ.ኤ.አ. በ1991 በሄልሲንኪ ተማሪ የነበረው ሊነስ ቶርቫልድስ የጀመረው፣ ለማንም ክፍት የሆነ ሲስተም ነው፤ የፈቃድ ክፍያ አይጠይቅም። የታካሚ መዝገብና የላቦራቶሪ ውጤት ከሚያስቀምጡ የሆስፒታል ሰርቨሮችም ሊኑክስ የሆኑ አሉ። ስለዚህ የታካሚዬ ውጤት የተቀመጠበትን ቤት በር ማወቅ የእኔም ጉዳይ ሆነ ማለት ነው።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። ቨርቹዋል ማሽን ምንድን ነው? በኮምፒውተር ውስጥ የሚኖር ሌላ ኮምፒውተር ነው። የራሱ ሲስተም፣ የራሱ ዲስክ፣ የራሱ የኔትወርክ ካርድ አለው፤ ግን ሁሉም በሶፍትዌር የተሠራ ነው። ቨርቹዋልቦክስ ወይም ኬቪኤም የሚባሉት ይህን የሚያስኬዱ ሶፍትዌሮች ናቸው። ጥቅሙ ብዙ ነው። አንድ ጠንካራ ሰርቨር ላይ ላቦራቶሪውን ለብቻ፣ ሪፖርቱን ለብቻ ማኖር ይቻላል። ማሽኑን እንዳለ ገልብጦ በውጭ ሃርድ ዲስክ ማስቀመጥ፣ ሲቸግር ሌላ ኮምፒውተር ላይ ማስነሳት ይቻላል።

ለእኔ እንዲገባኝ በቤትና በእንግዳ መስዬዋለሁ። ትልቁ ኮምፒውተር ባለቤት ነው፤ ቨርቹዋል ማሽኑ በጓዳው የተቀመጠ እንግዳ ነው። እንግዳው ወደ ውጭ የሚገናኝበት ሦስት ዋና መንገድ አለ። አንደኛው ናት ይባላል፤ እንግዳው በባለቤቱ ስም ይወጣል፣ ይልካል፣ ይቀበላል፤ ውጭ ያለ ሰው ግን እንግዳ መኖሩን አያውቅም፣ በስሙ ጠይቆም አይገባም። ሁለተኛው ብሪጅ ነው፤ ለእንግዳው የራሱ በርና የራሱ የቤት ቁጥር ይሰጠዋል፣ የሆስፒታሉ ኔትወርክ እንደ ማንኛውም ኮምፒውተር ያየዋል። ሦስተኛው ሆስት ኦንሊ ነው፤ እንግዳውና ባለቤቱ እርስ በርስ ይነጋገራሉ፣ ከግቢ ግን አይወጣም። ግማሹ ጭቅጭቅ የሚመጣው እንግዳው በየትኛው መንገድ እንደተቀመጠ ሳይታወቅ ነው። በናት ያለ ማሽን ከሌላ ክፍል ካልተከፈተ አልታመመም፤ ተፈጥሮው ነው። እንዲከፈት ከተፈለገ ፖርት ፎርዋርዲንግ ይደረግለታል፣ ወይም ወደ ብሪጅ ይዛወራል።

አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ። ሆስፒታሉን ስሙን አልጠራውም። የታካሚ መዝገብና የላቦራቶሪ ውጤት የሚቀመጠው በሊኑክስ ቨርቹዋል ማሽን ላይ ነበር። ክረምት ነው፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ አሮጌው ሰርቨር አልነሳም አለ። ደግነቱ የማሽኑ ሙሉ ቅጂ ነበረ፤ ወጣቱ የመረጃ ባለሙያ ሌላ ኮምፒውተር ላይ አስነሳው። ሊኑክሱ ተነሳ፤ መረጃው ሁሉ አለ። ከየክፍሉ ግን ማንም ሊያገኘው አልቻለም። «ኔትወርክ የለም» ተባለ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስተኛው ቀን ገባ።

በሦስተኛው ቀን ከስማዳ በኩል የመጡ አንዲት እናት ፊቴ ተቀመጡ። ስኳርም ግፊትም አለባቸው። ያለፈውን የኩላሊት ምርመራቸውን ሳላይ መድኃኒታቸውን መቀየር አልፈለግሁም፤ ውጤቱ ደግሞ ያለው ሰርቨሩ ውስጥ ብቻ ነው። አዲስ ደም ሰጡ፤ አዲሱ ቁጥር መጣ። ግን ኩላሊት እየደከመ ነው ወይስ እንደነበረ ነው የሚለውን አንድ ቁጥር ብቻውን አይነግረኝም፤ ከትናንቱ ጋር ጎን ለጎን ማየት አለብኝ። «እማማ፣ ኔትወርኩ ሲመጣ ሐሙስ ይመለሱ» ተባሉ። «ልጄ፣ ሐሙስ መምጣቱን በምን ታውቂያለሽ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ማናችንም አልጠየቅንማ!

ያን ዕለት ከሰዓት ከባለሙያው ጋር ሰርቨሩ ክፍል ገባን። እኔ እጄን ኪቦርዱ ላይ አላሳረፍኩም። እሱ ይጽፋል፣ እኔ እንደ ታካሚ ታሪክ አወሳሰድ እጠይቃለሁ፣ ወረቀት ላይ እመዘግባለሁ። ከቅርብ ወደ ሩቅ ሄድን። ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ ላስረዳችሁ፤ ለማንኛውም የሊኑክስ ቨርቹዋል ማሽን ያገለግላሉ።

አንደኛው ጥያቄ፦ የጠፋው ለማን ነው? ባለቤት ኮምፒውተሩ ራሱ ወደ ውጭ ይገናኛል ወይ? እንግዳው ወደ ውጭ ይወጣል ወይ? ከሌላ ክፍል ወደ እንግዳው ይገባል ወይ? እነዚህ ሦስቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ባለቤቱም ካልተገናኘ ቨርቹዋል ማሽኑን አትነካኩት፤ ገመዱን፣ ስዊቹን፣ ራውተሩን እዩ። በእኛ ጉዳይ ባለቤቱ ደህና ነበር። እንግዳው ግን መውጣትም መቀበልም አልቻለም። እንግዲህ «ከላይ ነው» የሚለው እዚሁ ወደቀ። ሦስት ቀን የተጠበቀው ነገር በሁለት ደቂቃ!

ሁለተኛው፦ ገመዱ ተሰክቷል ወይ? ቨርቹዋል ማሽንም ገመድ አለው፤ በቅንብሩ ውስጥ «ኬብል ኮኔክትድ» የምትል ምልክት ማድረጊያ አለች። የእሷ መጥፋት ከግድግዳ ገመድ እንደመንቀል ነው። እንዲሁም በብሪጅ ከሆነ ከየትኛው የባለቤቱ ካርድ ጋር እንደታሰረ ይታይ። ወደ አዲስ ኮምፒውተር ሲዛወር የድሮው ካርድ ስም ላይኖር ይችላል። በዋይፋይ ወይም በሞባይል ሞደም ላይ ብሪጅ ብዙ ጊዜ ያስቸግራል፤ ገመድ ሰክቶ መሞከር፣ ወይም ለጊዜው ወደ ናት መለወጥ ይሻላል። የእኛው ገመዱም ተሰክቷል፣ ካርዱም ልክ ነው።

ሦስተኛው፦ አድራሻ አለው ወይ? ሊኑክሱ ውስጥ ገብቶ «አይፒ ኤ» የሚለውን ትእዛዝ መጻፍ ነው። የሚወጣው ዝርዝር ላይ 127.0.0.1 የሚለው ማሽኑ ራሱን በራሱ የሚጠራበት ነው፤ እሱን አትቁጠሩት። ቀጥሎ ያለው ካርድ ዝግ ነው ወይስ ክፍት? ቁጥርስ አለው? በቨርቹዋልቦክስ ናት ከሆነ ብዙውን ጊዜ 10.0.2.15 ታገኛላችሁ፤ በኬቪኤም መደበኛ ኔትወርክ ደግሞ በ192.168.122 የሚጀምር ቁጥር። በብሪጅ ከሆነ የሆስፒታሉ የራሱ ቁጥር መሆን አለበት። ባለሙያው ትእዛዙን ጻፈ። ካርዱ አለ፤ ግን ዝግ ነው፤ ቁጥርም የለውም።

በሽታው ተገኘ። እያንዳንዱ የኔትወርክ ካርድ ማክ አድራሻ የሚባል መታወቂያ አለው። ቅጂው በአዲሱ ኮምፒውተር ሲነሳ ለካርዱ አዲስ ማክ አድራሻ ተሰጠው። በሊኑክሱ ውስጥ አድራሻ የሚያድለው የኔትፕላን ፋይል ደግሞ «ይህን ቁጥር የያዘ ካርድ ሲመጣ ይህን አድራሻ ስጠው» ብሎ የድሮውን መታወቂያ ይጠብቃል። አዲሱን ካርድ አያውቀውም፤ ስለዚህ ትቶታል። ለእኛ ሐኪሞች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በየቀኑ የምናየው ነው። ታካሚው ካርዱን ጥሎ አዲስ ካርድ ያወጣል፤ ሰውየው ያው ነው፣ መዝገቡም ካርድ ክፍል አለ፣ ግን በአዲሱ ቁጥር ሲፈለግ አይገኝም።

መፍትሔው አንድ መስመር ማረም ነበር። የድሮውን ቁጥር በአዲሱ ተክቶ «ኔትፕላን ትራይ» አለ። ይህን ትእዛዝ እወደዋለሁ፤ ለውጡን ይሞክርና በ120 ሰከንድ ውስጥ ካላጸደቃችሁለት ወደነበረበት ይመልሰዋል። ለጥንቁቅ ሰው የተሠራ ነው። አጸደቀ። ካርዱ ተከፈተ፣ ቁጥሩን ያዘ፣ ከላቦራቶሪ ስልክ ተደወለ፤ «ገባልን!»። የእማማን ያለፉ ሦስት ውጤቶች አየሁ። ኩላሊታቸው እንደነበረ ነው፤ የደከመ ነገር የለም።

የእኛ ጉዳይ በሦስተኛው ጥያቄ ተፈታ። የእናንተ ግን ሌላ ሊሆን ይችላልና የቀሩትን ልጨርስ።

አራተኛው፦ መውጫ በሩን ያውቃል ወይ? «አይፒ ራውት» ሲባል «ዲፎልት» በሚል የሚጀምር መስመር መኖር አለበት፤ ጌትዌዩን ይነግራችኋል። በቨርቹዋልቦክስ ናት 10.0.2.2 ነው። መስመሩ ከሌለ እንግዳው አድራሻ እያለው ከጓዳ መውጫው አይታወቀውም። ካለ ወደዚያ ቁጥር ፒንግ አድርጉ።

አምስተኛው፦ ሩቅ ካለ ቁጥር ይደርሳል ወይ? ብዙዎች 8.8.8.8 የሚለውን የጉግል አድራሻ ይሞክራሉ። እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። አንዳንድ ኔትወርክ ፒንግን ራሱን ይከለክላል። ፒንግ ሲያልፍ መንገዱ ለመኖሩ ማስረጃ ነው፤ ሳያልፍ ሲቀር ግን መንገድ የለም ማለት ላይሆን ይችላል። ፈጣን ምርመራ ኔጌቲቭ ሲወጣ በሽታው የለም ብለን እንደማንምለው ማለት ነው።

ስድስተኛው፦ ቁጥሩ ያልፋል፣ ስሙስ? በቁጥር ሲጠራ መልስ ካለ፣ በስም ሲጠራ ከሌለ ችግሩ ዲኤንኤስ ነው። ስልኩ ይሠራል፣ የስልክ ማውጫው ጠፍቷል እንደማለት። «ሪዞልቭሲቲኤል ስታተስ» የትኛውን ማውጫ እንደሚጠይቅ ያሳያል። ይህ ላፕቶፑ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ሲዘዋወር ይበዛል፤ ንፋስ መውጫ ላይ የተሞላለት የማውጫ አድራሻ ደብረ ታቦር ላይ ላያገለግል ይችላል።

ሰባተኛው፦ በሩ ክፍት ነው፣ ባለ አገልግሎቱስ ተቀምጧል ወይ? «ኤስኤስ» በሚለው ትእዛዝ የትኛው ፕሮግራም በየትኛው ፖርት እንደሚያዳምጥ ይታያል። በ127.0.0.1 ብቻ የሚያዳምጥ ከሆነ ከራሱ ጋር ብቻ ነው የሚያወራው፤ ከውጭ ማንም አይሰማውም። ፋየርዎሉም ይታይ። ግን አደራ! «ለሙከራ» ብሎ ፋየርዎል አጥፍቶ ረስቶ መሄድ አይገባም፤ ውስጥ ያለው የሰው ምስጢር ነው። የምትፈልጉትን አንድ ፖርት ብቻ ክፈቱ።

ከእነዚህ ሌላ ሦስት አሳሳች ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው መንትያ ነው። አንድ ማሽን ተገልብጦ ሁለቱም በአንድ ኔትወርክ ላይ ሲሠሩ፣ መታወቂያቸውም አንድ ከሆነ፣ ግንኙነቱ ይመጣል ይሄዳል። ሁለት ታካሚ በአንድ የካርድ ቁጥር ማለት ነው። ቨርቹዋልቦክስ ሲገለብጥ አዲስ ማክ አድራሻ ይሰጥ እንደሆነ ይጠይቃል፤ ሁለቱንም አብራችሁ የምታሠሩ ከሆነ አዲስ ይሰጥ በሉት። በኡቡንቱ ግን ያ ብቻውን ላይበቃ ይችላል፤ «ማሽን አይዲ» የሚባለው የውስጥ መለያም አንድ ከሆነ አድራሻ አዳዩ ሁለቱን እንደ አንድ ሊቆጥራቸው ይችላልና እሱም ይታደስ።

ሁለተኛው ቀኑ ነው። አንድ ጤና ጣቢያ ላይ ኮምፒውተሩን በእኛ ዘመን አቆጣጠር ሞልተውት አየሁ። ለእኛ ዓመተ ምሕረቱ ልክ ነው፤ ለኢንተርኔቱ ግን ሰባት ስምንት ዓመት ወደኋላ ነው። ደኅንነቱ የተጠበቀ ገጽ ሁሉ ሰርተፍኬት አለው፤ ሰርተፍኬቱ ደግሞ የሚጀምርበት ቀን አለው። ወደኋላ የቀረ ማሽን «ይህ ሰርተፍኬት ገና አልጸናም» ብሎ በሩን ይዘጋል። ፒንግ ይሠራል፣ ስም ይገኛል፣ ገጹ ግን እምቢ ይላል። የማሽኑ ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ይሁን፤ የእኛን አቆጣጠር ሪፖርቱ ውስጥ እናገኘዋለን። ለረጅም ጊዜ ቆሞ የቆየ ቨርቹዋል ማሽንም ሲነቃ የቆመበትን ሰዓት ይዞ ሊነሳ ይችላልና ቀኑን መመልከት አትርሱ።

ሦስተኛው የጭነት መጠን ነው። ፒንግ ያልፋል፣ ትንሿ ገጽ ትከፈታለች፣ ትልቁ የወር ሪፖርት ግን መሀል ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ይህ ቪፒኤን ባለበት ያጋጥማል። በተለመደው ኔትወርክ አንድ ጥቅል እስከ 1500 ባይት ይጭናል፤ ቪፒኤኑ የራሱን መጠቅለያ ሲጨምርበት ከመንገዱ ስፋት ይበልጣል። ባዶ አይሱዙ የምታልፍበት ድልድይ የተጫነውን አላሳልፍ እንደማለቱ ነው። በፒንግ ላይ መከፋፈልን ከልክሎ 1472 ባይት መላክ ነው፤ 28ቱ የራሱ መጠቅለያ ሲጨመር 1500 ይሞላል። ካላለፈ እያሳነሱ መሞከርና የካርዱን ልክ በዚያው መጠን ዝቅ ማድረግ።

ታዲያ ይህን ሁሉ ከማድረግ አጥፍቶ ማብራት አይቀልም ወይ? ይቀላል። አንዳንዴም ይሠራል። ግን ናሙና ሳይወስዱ አንቲባዮቲክ መጀመር ነው፤ ቢሻለውም ምን እንደነበረ አታውቁም፣ ሲመለስም እንደገና ከዜሮ ነው። እኔ ሦስት ሕግ አለኝ። ከመንካታችሁ በፊት የማሽኑን ስናፕሾት ያዙ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። የቀየራችሁትን ጻፉ።

ይህ «ጻፉ» የሚለው ነው ዛሬ እዚህ ያቆመኝ። ያንን ሰርቨር መጀመሪያ የተከለው ልጅ ጎበዝ ነበር፤ የተሻለ ሥራ አግኝቶ ሄደ። መልካም ነው፣ ይሂድ፤ ማንም ሰው ታስሮ አይኖርም። ግን ዕውቀቱ አብሮት ሄደ። የትኛው አድራሻ ለማን እንደተሰጠ፣ ማሽኑ በናት ይሁን በብሪጅ፣ አንዲት ወረቀት አልነበረችም። የተተካው ወጣት ሦስት ቀን ጨለማ ውስጥ የዳከረው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ ያልተረከበውን ነው የተጠየቀው።

እኛ የደብረ ታቦር አካባቢ ሰዎች ይህን ታሪክ ከሌላው ቀድመን ልናውቀው ይገባ ነበር። ከከተማዋ ጥቂት ወጣ ብሎ ጋፋት አለ። አፄ ቴዎድሮስ የውጭ አገር ሚሲዮናውያን ባለሙያዎችን አስቀምጠው መድፍ ያስጣሉበት ነው፤ ወደ 7 ቶን የሚጠጋው ሴባስቶፖል የወጣው ከዚያ ነው። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲወድቅ ባለሙያዎቹ ከእንግሊዝ ጦር ጋር አገሩን ለቀው ሄዱ። ከእነሱ አንዱ ቴዎፍሎስ ዋልድማየር በኋላ ሊባኖስ ውስጥ አስፉሪዬ የሚባለውን የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል መሠረተ። እነሱ ጋር የነበረው ሙያ ከእነሱ ጋር ሄደ፤ ጋፋት ላይ የቀረው ቦታውና ስሙ ነው። መድፍ ይቅርብን፤ ሰርቨር ግን አይቅርብን።

ይህ ቤታችን ደግሞ በ1947 ዓ.ም. ጎንደር ላይ ሲከፈት፣ ከደንቢያው የወባ ወረርሽኝ በኋላ፣ አንድ ነገር አስተምሯል። ጤና መኮንኑ፣ የኅብረተሰብ ነርሷ፣ ሳኒታሪያኑ አንድ ላይ እንዲወጡ፣ አንድ መንደር አንድ ላይ እንዲያዩ። ሐኪም ብቻውን አይበቃም ማለት ነው። ዛሬ በዚያ ቡድን ውስጥ የመረጃ ባለሙያው አለ። ልክ የላቦራቶሪ ባለሙያውን እንደምናነጋግረው ልናነጋግረው ይገባል። «ኔትወርኩን አስተካክል» ብሎ ማዘዝ አይደለም፤ «እስከየት ደረስክ? የትኛው ጥያቄ ላይ ቆመ?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ።

በሥራ ላይ ላላችሁ፦ በየሰርቨሩ ክፍል ግድግዳ ላይ አንዲት ገጽ ወረቀት ትለጠፍ። የማሽኑ ስም፣ አድራሻው፣ ጌትዌዩ፣ ናት ነው ወይስ ብሪጅ፣ ቅጂው የት እንዳለ፣ ከሥሯም ሰባቱ ጥያቄዎች። የይለፍ ቃል ግን አይጻፍባት፤ እሱ በፖስታ ታሽጎ ኃላፊው ዘንድ ይቀመጥ። ባለሙያ ሲለቅ ክሊራንስ ከመፈረሙ በፊት ያቺ ወረቀት ትታይ። የአፈጻጸም ክትትል ቡድኑ በወር አንዴ ሲሰበሰብም «ሪፖርቱ ለምን ዘገየ?» ለሚለው «ኔትወርክ» የሚል መልስ ብቻውን አይቀበል።

ለመምህራኖቻችን፦ የሕክምናና የጤና ኢንፎርማቲክስ ተማሪዎች አንድ ግማሽ ቀን አብረው ይቀመጡ። ቨርቹዋል ማሽን ለዚህ የተሠራ ነው። መምህሩ ገመዷን ይንቀል፣ ጌትዌዩን ያበላሽ፣ ቀኑን ወደኋላ ይመልስ፤ ተማሪዎቹ ይፈልጉ። ስናፕሾቱን ስትመልሱት ሁሉም እንደነበረ ነው። ታካሚ ሳይጎዳ ምርመራ የሚለማመዱበት እንዲህ ያለ አጋጣሚ የት ይገኛል? አንድ ላፕቶፕ ይበቃል፤ ሶፍትዌሩም ያለ ክፍያ ይገኛል።

በውጭ አገር ላላችሁ ጓደኞቻችን፦ ኮምፒውተርና ሰርቨር ስለምትልኩልን እግዚአብሔር ይስጥልን። ከዕቃው ጋር ግን እንዴት እንደተዋቀረ የሚገልጽ ጽሑፍ በአማርኛ ይምጣ። ከዚያም ለሚረከበው ወጣት አንድ ሰዓት በስልክ ስጡት። ያቺ ሰዓት ከሁለተኛ ሰርቨር ትበልጥብናለች።

ሁላችሁም የኮምፒውተር ባለሙያ ሁኑ አላልኩም፤ እኔም አልሆንኩም። ታሪክ መውሰድ ግን እዚሁ ቤት ነው የተማርነው። ከቅርብ ወደ ሩቅ መጠየቅ፣ ያገኙትን መመዝገብ፣ ለሚቀጥለው ተረኛ ማስረከብ፤ ይህ ሙያችን ነው። ደጋ ላይ ኔትወርክ በእውነትም የሚጠፋበት ቀን አለ፤ ያን ቀን እንታገሣለን። የጠፋው ሌላ ሆኖ ሳለ ግን ሰው ከስማዳ አናመላልስ።